የእትዬ አፍንጫ

«የእትዬን ማንኪያ ከቤቱ ማንኪያ ጋር የቀላቀለው ማነው?»

ጥያቄው የመጣው ከወጥ ቤት ነው። ጠያቂዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፤ ዝቅ ያደረገችው ግን እንዳይሰማ አይደለም፣ ሲሰማም ጨዋ ለመባል ነው። እትዬ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መተላለፊያው ላይ እንደቆመች ሰማችው። የታመመው አፍንጫዋ እንጂ ጆሮዋ አይደለም። የወንድሟ ሚስት ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ እያነሳች ስታስተያይ፣ ብረት ከብረት ሲጋጭ፣ ድስት ሙሉ ውሃ ሲጣድ፣ ክብሪት ሲጫር ሁሉንም ሰማች። «ከቤቱ ማንኪያ» የሚለው ቃል ግን ከሁሉም በላይ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። እሷ የቤቱ ካልሆነች ማንኪያዋ የማን ሊሆን ነው? ይህን የሚጠይቅ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ አልነበረም። ወንድሟ በሩ አጠገብ ጫማውን ያስራል፤ ልጁ ዳቦ ታኝካለች። ወንድሟ ማሰሪያውን አንዴ አስሮ ፈታው፣ እንደገና አሰረው።

እትዬ የሚሏት የቤቱ ታላቅ ስለሆነች ነው። ወንድሟን አዝላ አሳድጋዋለች፤ ሲያገባም የሠርጉን ወንበር ከየጎረቤቱ የለቀመችው እሷ ናት። የወንድሟን ሚስት የገዛ ልጇ በስውር «በረኪና» ትላታለች፤ በር እጀታ፣ የመብራት ማብሪያ፣ የመጸዳጃ ቤት መቀመጫ፣ እጇ የደረሰበትን ሁሉ በበረኪና ስለምትወለውል ነው። በረኪና እትዬን አንድም ቀን «አንቺ» ብላት አታውቅም። አንቱታዋ ግን እንደ በረኪናው ነው፤ ያነጣል፣ ያቃጥላል። ልጅቷ ደግሞ «ትንሿ» ናት። ከቤቱ በቁመት የሚበልጣት የለም፤ ከቁም ሣጥን አናት ላይ እቃ የምታወርደው ያለ መሰላል ነው፤ ግን ትንሿ ተብላ ቀረች። ከእትዬ ጋር አንድ ክፍል ይጋራሉ፤ በሁለቱ አልጋ መካከል ያለው መጋረጃ ለዓመታት ተዘግቶ አያውቅም።

ቤተሰቡ ትራስና ፍራሽ ይሠራል። ከልብስ ሰፊዎች የሚጣለውን ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ ከሶፋ ሠሪዎች የሚተርፈውን ስፖንጅ በጆንያ ገዝቶ ያደቅቃል፣ ትራስ ውስጥ ይጠቀጥቃል፣ ሰፍቶ ይሸጣል። በዚህ ቤት የማንኛውም ነገር ዋጋ የሚነገረው በትራስ ነው። የትንሿ ጫማ ሦስት ትራስ ነው፤ ጥርስ ማስነቀል አምስት ትራስ ነው፤ የጎረቤት ልጅ ሠርግ «ሁለት ትራስ በላን» ተብሎ ታምቷል። ማድቀቂያው ማሽን በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ይገኛል። የቆርቆሮ ሣጥን ነው፤ ሆዱ ውስጥ ሚስማር የተተከለበት በርሜል አለ፤ በርሜሉን ሞተር በጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ ያሽከረክረዋል። የሰጡትን ሁሉ ስለሚበላ «አንበጣ» ብለውታል። ከፊቱ አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው በአንድ እጁ ጨርቅ ያጎርሰዋል፣ በሌላ እጁ የደቀቀውን ወደ ጆንያ ያጋፍፋል። ክፍሏ አንዲት መስኮት ነበረቻት። የጎረቤት ሴትዮ «ብናኛችሁ የተሰጣ አንሶላዬን አቆሸሸው» ብላ አጥር ላይ ከጮኸች በኋላ መስኮቷ በሚስማር ተመትታ ተዘጋች። እንግዲህ በዚያ ግቢ የጎረቤት አንሶላ ተከብሮ ይኖራል። ብናኙም ወደ ውጭ መሄጃ ስላጣ ወደ ሰው መሄድ ጀመረ።

እትዬ ያን ወንበር የወረሰችው ከእናቷ ነው። ስትወርሰው ጤነኛ ነበረች። ከጊዜ በኋላ አፍንጫዋ ተዘጋ፣ ግንባሯን ከውስጥ የሚገፋ ነገር መጣ፣ ጎንበስ ስትል ዓይኗ ሊወጣ ይደርሳል፤ ሽታ የሚባል ነገር ጨርሶ ጠፋባት። «ሳይነስ ነው» ተባለ፤ ተባለና ሥራው ቀጠለ። የተቋረጠው አንድ የሆቴል ግዢ ሠራተኛ ትራስ ሊያዝዝ መጥቶ በሩን ሲከፍት እትዬ ስታስነጥስ ያገኛት ቀን ነው። ሰውየው «እንግዶቻችን ጭንቅላታቸውን የሚያሳርፉት በዚህ ላይ ነው?» ብሎ ሳቀ። ወንድሟ አብሮ ሳቀ። ሰውየው እንደሄደ ግን ሳቁ አበቃና እትዬ ትራስ እንዳትነካ ተከለከለች። ግቢ መጥረግ ብቻ ተፈቀደላት። ትንሿ ትምህርቷን ጨርሳ ምን እንደምትሆን ገና ባለመወሰኗ ወንበሩ ላይ እሷ ተቀመጠች፤ «እስኪወሰን ድረስ» ተባለ። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ የትንሿም አፍንጫ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ነገር ሁሉ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ሥራ ነው። መንገድ ዳር ያለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሶ ይቆማል፤ የጠየቁትን ሁሉ ያውቃል፤ «አላውቅም» ማለት ሽያጭ ይቀንሳልና። በረኪና «ሳይነስ ይጋባል ወይ?» ብላ ጠየቀችው። «የታመሙት አብረው ይተኛሉ?» አላት። «አንድ ክፍል።» «በቃ!» አለ፣ ምርመራውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ጨርሶ። ለታመሙት እንክብል ሸጠ፤ ላልታመሙትም «ለመከላከያ» ብሎ ያንኑ እንክብል ደገመ። ዋጋው አንድ ሙሉ ፍራሽ ነበር። ቤተሰቡ ሳይታመም መድኃኒት ዋጠ። ሰውየውን አንድም ሰው «የት ተማርከው?» ብሎ አልጠየቀውም፤ እትዬን ግን ሁሉም ጠየቃት፤ ለምን አስነጠስሽ፣ ለምን በፎጣው ተጠቀምሽ፣ ለምን ልጅቷን አቀፍሽ። ድሮ ስታስነጥስ ከሦስት ክፍል «ይማርሽ!» ይሰማ ነበር። አሁን የሚሰማው የበር መዘጋት ነው። በረኪና አንድ ቀን እሷ እየሰማች «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር…» ብላ ጀመረችና የቀረውን ለጨዋነት ስትል ዋጠችው።

ማንኪያው ከተቀላቀለ በኋላ፣ ያን ዕለት ጠዋት፣ ወንድሟ ሻይ ይዞ ወደ ክፍሏ መጣ። የሚከብድ ነገር ሲናገር ሻይ ይዞ ነው የሚመጣው። ወንድሟን ሰዎች «ክፉ አይደለም» ይሉታል። እውነት ነው፤ ክፉ ነገር ሲሠራ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ስም ነው።

«እትዬ፣» አለ፣ ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ተክሎ፣ «ነገ ጠዋት የጭነት መኪናው ትራስ ይዞ ወደ ከተማው ዳር ይወጣል።»

«ይውጣ።»

«አክስታችን ቤት በዚያው መንገድ ነው። ብቻዋን ናት፤ ሰው ቢኖራት ደስ ይላታል። አየሩም ጥሩ ነው። እስኪሻልሽ ድረስ።»

«ከትራሱ ጋር ልትጭነኝ ነው?»

«ጋቢናው ሞልቶ ነው እንጂ… ትራስ እኮ ነው፣ ይመቻል።»

እትዬ ሻዩን አልነካችውም። አክስታቸው ቤት አንድ ክፍል እንደሆነ፣ ክፍሉ በክረምት ግድግዳው ውሃ እንደሚያወጣ፣ «እስኪሻልሽ ድረስ» የሚባል ቀጠሮም በዚህ ቤተሰብ ታሪክ ደርሶ እንደማያውቅ ታውቃለች። ስለዚህ አልተከራከረችም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ሐኪም ሳያየኝ አልሄድም።»

«መድኃኒት ቤቱ አይቶሽ የለ?»

«እሱ ያየው ቦርሳህን ነው። ክሊኒክ ያለችው ሐኪም ትየኝ። ይጋባል ካለችኝ ነገ ሳትለምነኝ ትራሱ ላይ እወጣለሁ። አይጋባም ካለችኝስ?»

«ካለችማ…» ወንድሟ ወደ መተላለፊያው አየ፤ እዚያ የሚወለወል ነገር ድምፅ ቆሟል። «ካለችማ ትቀመጫለሽ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው። ካርዱ ግን ስንት ትራስ ነው?»

ክሊኒኩ ከገበያው ጀርባ ባለ ፎቅ ላይ ነው። መጠባበቂያው ክፍል ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ጭንቅላት የሚደገፍበት ቦታ ሁሉ ጠቁሯል። ወንበሮቹ በብረት ስለተያያዙ አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይነቃነቃል። እትዬ ከልማዷ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከሰው መራቅ ለምዶባታል። አጠገቧ ያለው ሽማግሌ ግን ተጠጋት። የጡረታ ዘመኑን በየክሊኒኩ ወንበር የሚያሳልፍ ዓይነት ሰው ነው፤ ማንንም አይፈራም።

«ምንሽን ነው እህቴ?»

«ሳይነስ። ራቅ ቢሉ ይሻላል፣ ይጋባል ይላሉ።»

«ሂጂ ወዲያ!» አለ ሽማግሌው፣ ክፍሉ ሁሉ እስኪዞር። «እኔ ሳይነስ ይዞኝ ነው ያገባሁት። ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ትራስ ላይ ተኝተን የኔ ሳይነስ ሚስቴ ላይ አልተጋባባትም። የሷ ንፍገት ግን ተጋባብኝ፤ ይኸው ዛሬ በእግሬ ነው የመጣሁት።»

ተራ ጠባቂው ሁሉ ሳቀ። እትዬም ሳቀች፤ ሳቋ ግንባሯን አመማትና በመዳፏ ያዘችው። ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጣ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው?

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ደክሟት ነበር፣ ግን ሰነፍ አልነበረችም። አፍንጫዋን በመብራት አየች፣ ግንባሯንና ጉንጯን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች። እትዬ ግን የመጣችበት ጉዳይ አንድ ነበርና መጠበቅ አልቻለችም።

«ዶክተር፣ ሌላውን ይተዉት። ይጋባል ወይስ አይጋባም?»

«ሳይነስ ራሱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም» አለች ሐኪሟ። «የሚተላለፈው ጉንፋን ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ሊያስልብዎት ይችላል፤ ያ ጉንፋን አንዳንዱ ሰው ላይ ወደ ሳይነስ ይዞራል። የእርስዎ ግን የዓመታት ነው፤ የጉንፋን አይመስልም። በማንኪያ፣ በትራስ፣ በመተቃቀፍ አይሄድም። ማነው እንዲህ ያልዎት?»

እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። አይጋባም! ሌላ ቃል አልፈለገችም፤ ተነስታ ልትሄድ ነበር። ሐኪሟ ናት ያስቀረቻት።

«ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ትራስ እንሠራለን።»

«ከምን?»

ነገረቻት። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ወንበሩ፣ ሐኪሟ ስትጠይቃት ደግሞ ስለ መስኮቷ ነገረቻት። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቤት ውስጥ ሌላ እንደዚህ የሚያደርገው ሰው አለ?»

«የወንድሜ ልጅ። ከኔ ነው የያዛት ይላሉ።»

«እሷ አሁን የት ነው የምትሠራው?»

«ወንበሬ ላይ» አለች እትዬ።

ሐኪሟ መድኃኒት ጻፈችላት፣ አፍንጫ እንዴት በጨውና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ እንደሚታጠብ አሳየቻት፣ ከብናኙ ከራቀች ቀስ በቀስ እንደሚሻላት ነገረቻት። «ልጅቷን ግን ዛሬውኑ ከዚያ አስነሷት። የእሷ ገና አዲስ ነው። እርስዎም ወደዚያ ክፍል አይመለሱ፤ ከተመለሱ እኔም መድኃኒቴም ምንም አናደርግልዎትም።»

እትዬ ወደ ቤት የተመለሰችው በእግሯ ነው፤ ለማሰብ። ስለ እናቷ አሰበች። እናቷ ማታ ማታ ራሷን በሻሽ ጠፍራ፣ ብርሃን ጠልታ፣ ጥግ ላይ ትቀመጥ ነበር። «የዘር ነው፣ እናቷም እንዲሁ ነበረች» አሉ ያኔ። አያቷ ግን ትራስ ሠርታ አታውቅም፤ አያቷ ያረጀችው በጤናዋ ነው። ሆኖም ማንም ያንን ለማስታወስ አልደከመም፤ ዘር ሲባል ሁሉም ተገላገለ። እሷ ስትታመም የዘሩ ወሬ ትክክል ሆነ። ትንሿ ስትታመም ደግሞ ዘሩ ተረስቶ መጋባት መጣ። ሦስት ሴቶች በየተራ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው በየተራ ታመሙ፤ ይህ ሁሉ የተማረና ያልተማረ ዘመድ ደማቸውን፣ ትንፋሻቸውን፣ ማንኪያቸውን ሲመረምር ኖረ፤ ወንበሩን ያየ አንድ ሰው ጠፋ። ወንበሩን ማየት ሥራ ማቆም ነዋ! ሰውን ማባረር ይቀላል፤ ሰው ራሱን ችሎ ይሄዳል፣ ተሸካሚ አይፈልግም።

ግቢ ስትገባ አንበጣ ይጮሃል። የጓሮውን በር ስትከፍተው ትንሿን ያየቻት በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው። ቅንድቧና ሽፋሽፍቷ ነጭ ሆኗል፤ አንገቷ ላይ የጠመጠመችው ሻርፕ ከአፏ ተንሸራቶ ወርዷል። ትንሿ እትዬን ስታይ በክርኗ አፍንጫዋን ጠርጋ ፈገግ አለች፤ ጨርቅ የምታጎርሰው እጇን ግን አላቆመችም። ወረፋ የያዙ ጆንያዎች ከኋላዋ ቆመዋል።

ምሳ ላይ ሁሉም ተቀመጡ፤ እትዬ እንደ ልማዷ በበሩ በኩል፣ ለብቻዋ በተቀመጠች በርጩማ ላይ። ጥቅሏ ተዘጋጅቶ በረንዳው ላይ ከትራስ ጆንያዎቹ ጋር ተደርድሯል፤ ማን እንዳወጣው አልጠየቀችም። በረኪና ሾርባውን እየቀዳች «እህስ?» አለች፣ ማንንም ሳታይ።

«አይጋባም» አለች እትዬ። «ከሰው ወደ ሰው አይሄድም ብላለች።»

«ታዲያ ልጄን ምን ያዛት?»

«ማሽኑ ነው። ብናኙ። እኔንም፣ እናታችንንም የያዘን እሱ ነው። ትንሿን ዛሬውኑ አስነሷት፣ እኔም እንዳልመለስ ብላኛለች።»

ወንድሟ ሳቀ። ንዴት ሲመጣበት የሚስቀው ሳቅ ነው። «ብናኝ! ይሄ ቤት የቆመው በምን ሆነና? አንቺም እኔም ያደግነው በዚያ ብናኝ ነው። እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ ተቀምጣበት የለ?»

«እናታችን በምን ሞተች?»

የሾርባው ጭልፋ ድስቱ ጠርዝ ላይ ቆመ። «በራስ ምታት» አለ ወንድሟ። ወንድሟ ዳቦ ቆርሶ ሾርባው ውስጥ ነከረ፤ ሲያስብ እንደዚያ ነው። ካሰበ በኋላ ፊቱ ፈካ።

«እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው» አለ። «አይጋባም ካለች መሄድ አያስፈልግም። ትቀመጫለሽ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ወደ ወንበርሽ ትመለሻለሽ። ትንሿ ታርፋለች። ሁሉም ተፈታ!»

«እሰይ» አለች በረኪና። «እኔስ ምን አልኩ? ልጄ ትረፍልኝ ነው ያልኩት። እትዬም እኮ ሥራ ለምደዋል፣ ቁጭ ማለቱ ነው የጎዳዎት።»

«እንዳልመለስ ብላለች አልኩ።»

«ሐኪም ሁሉ ሥራ አቁሙ ነው የሚለው፤ እሷ ደመወዝተኛ ናት» አለ ወንድሟ።

ትንሿ ቀና አለች። በተዘጋ አፍንጫ ስለምትናገር ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። «እኔ እዚያው ልሁን፣ አባባ። እትዬ አትመለስ። እኔ ወጣት ነኝ፣ እችለዋለሁ።»

«አንቺ አትቀመጪበትም!» አለች እትዬ።

«አንቺም አትቀመጪበትም!»

ወንድሟ እጁን አነሳ፣ ዳኛ ይመስል። «እናንተው ተስማሙና ንገሩኝ» አለ፣ ወደ ሾርባው ተመለሰ። ያለው ይህን ነው። አንዲት ሴትና አንዲት ልጅ ማንኛቸው ቶሎ እንደምትታመም ተስማምተው እንዲነግሩት ጠየቀና ሾርባውን ጠጣ።

እትዬ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ሦስቱንም አየቻቸው። እውነቱን ነግራቸዋለች። ሐኪም ያለችውን አንድም ሳትጨምር አንድም ሳትቀንስ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣላቸዋለች፤ ከሱ ላይ የሚጠቅማቸውን «አይጋባም»ን አንስተው የቀረውን ተዉት። በዚህ ቤት ብናኝን የሚፈራ የለም። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አንድ ያልነገርኳችሁ አለ» አለች። «እንዳትደነግጡ ብዬ ነው።»

«ምን?» አለች በረኪና።

«ይጋባል።»

በረኪና ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ከሰው አይደለም የሚጋባው፣ ያንን እውነቴን ነው። ከማሽኑ ነው። ሚስማሮቹ ላይ፣ ቺንጋው ላይ ይቀመጣል። የነካው ሁሉ ይይዘዋል። እዚያ የተለበሰ ልብስ ላይም ይቆያል ብላለች። ያንን ልብስ ያጠበ ሰው ላይ ደግሞ…» እትዬ የቀረውን ዋጠችው።

የቤቱን ልብስ የምታጥበው በረኪና ናት። መጀመሪያ እጆቿን አየች፤ ከዚያ የልጇን ነጭ ቅንድብ አየች። ወንበሯ ወደ ኋላ ወደቀ። ትንሿን በክንዷ ጎትታ አስነሳቻት፣ ያቺን ረጅም ልጅ እንደ ሕፃን እየገፋች ወደ መታጠቢያው ወሰደቻት፣ «አውልቂ! ሁሉንም አውልቂ! መሬት ላይ ጣይው፣ እንዳትነኪው!» እያለች። ተመልሳ ወጣች፣ ወደ ጓሮው ሮጠች፣ የማሽኑን መሰኪያ በመጥረጊያ እንጨት ከግድግዳው ነቀለችው። በእጇ አልነካችውም። ከዚያ በሩን በእግሯ ዘጋችና ደፉ ላይ አንድ ጠርሙስ በረኪና ገለበጠች።

«ሴትዮ፣ አብደሻል? የሆቴሉ ትእዛዝ አለብኝ!» ወንድሟ ናፕኪኑን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተከትሏታል።

«አንተ ተቀመጥበታ እንግዲያው! ያውልህ ወንበሩ! ግባና ተቀመጥ!»

ወንድሟ በሩን ከፈተ። ወንበሩን አየው፤ የቆርቆሮውን ሣጥን አየው። ለረጅም ጊዜ ደፉ ላይ ቆመ። በዚያ ግቢ ለዓመታት ያ ወንበር ላይ ማን እንደሚቀመጥ ሲወስን የኖረ ሰው ነው፤ እንዴት እንደሚቀመጡበት ግን አላወቀም። በሩን መልሶ ዘጋው።

«የቀን ሠራተኛ እፈልጋለሁ» አለ። «ሰው አይጠፋም። ነገ ጠዋት አደባባዩ ላይ የሚቆሙ ሞልተዋል።»

«እሱ ይሻላል» አለች በረኪና፣ ትንፋሽዋን እየሰበሰበች። «ጎሽ።»

እትዬ በረንዳው ላይ ቆማለች። ውሸቷ ሠርቷል፤ ትንሿ ወጥታለች። እዚህ ጋ ዝም ብትል ማንም አይወቅሳትም፤ እንዲያውም ሁሉም ተደስቷል።

«ለሚመጣው ሰው ማን ይነግረዋል?» አለች።

«ምኑን?»

«የተቀመጠበት እንደሚታመም።»

«እኛ ምን አገባን?» አለች በረኪና፣ ከልቧ ተገርማ። «ሥራ ብሎ ነው የሚመጣው። ደግሞ ቤተሰባችን አይደለም።»

ወንድሟ ማሰሪያው ያልተፈታ ጫማውን ጎንበስ ብሎ ማሰር ጀመረ።

«እንግዲያው እኔ እነግረዋለሁ» አለች እትዬ።

«አንቺ ነገ ከመኪናው ጋር…»

«አልሄድም። ይሄ ቤት የእናቴም ቤት ነው። ጠዋት መንገድ ዳር ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። አንተ አንዱን ስታመጣ እኔ እነግረዋለሁ፤ ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። መስኮቱን እስክትከፍተው፣ ያንን ነገር ከሰው አፍንጫ እስክታርቀው ድረስ እዚያው ነኝ።»

«ማን ያምንሻል?»

«እናንተ አመናችሁኝ» አለች።

ጥቅሏን ከትራሶቹ መሐል አነሳችና ወደ ክፍሏ ይዛው ገባች። ከኋላዋ ባልና ሚስት ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ትእዛዙ፣ ስለ ማን ጥፋት መጨቃጨቅ ጀመሩ፤ በሩን አልዘጋችውም፣ አልሰማቻቸውምም። ልብሷን አንድ በአንድ መደርደሪያው ላይ ስትመልስ ትንሿ ፎጣ ተጠቅልላ፣ ፀጉሯ ገና ደረቅ ሆኖ ገባች።

«እትዬ፣ እውነት ዶክተሯ እንደሱ አለች? ከማሽኑ ይጋባል አለች?»

«አላለችም። ብናኝ ነው ነው ያለችው።»

ትንሿ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ታዲያ ለሚመጣው ሰውዬ ምን ብለሽ ልትነግሪው ነው?»

«እውነቱን። ውሸት ያስፈለገው ለዘመድ ነው።»

ትንሿ ሳቀች፤ አፍንጫዋ ስለተዘጋ ሳቋ በአፏ ብቻ ወጣ። ከዚያ ተነስታ ፀጉሯን ልትታጠብ ሄደች። እትዬ ከክፍሏ ሆና ውሃው ሲወርድ ሰማች። ከቆይታ በኋላ ትንሿ ጠራቻት፣ ሄዳ አየች፤ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ቧንቧው ሥር ቆማለች፣ ውሃው ግራጫ ሆኖ ይወርዳል። እትዬ ሳሙናውን አንስታ እንደገና ቀባቻት። ውሃው አሁንም ግራጫ ነበር።